ፈቃዱ ላይ ያለው ፎቶ

ጅዳ፣ መስከረም 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ፣ ለእህቴ ለሀይፋ አብዱልጀሊል
መካነ ሰላም

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ለአንቺም ለአጎቴ ለሸኽ አብዱልጀሊልም፣ ከፊታቸው ተቀምጠው ቁርኣን ለሚቀሩት ደረሶችም ሳይቀር በያላችሁበት ይድረሳችሁ። እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ከወገቤ በቀር። ወገቤን ያደከመው የዚህ ቤት ሦስት ፎቅ ደረጃ ነው።

አንቺዬ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። መኪናዋ ተገዛች! ያቺ ስንቀልድባት የኖርነው ሚኒባስ። አዲስ አበባ ያለው የእናቴ ወንድም መርጦ ገዛልኝ። ነጭ ናት፤ ወንበሯ ቀይ። ሊብሬዋን በስልክ አስነበብኩት፣ «ኑርጃን ሀቢቡላህ» ይላል። ከፓስፖርቴ በቀር የአባቴ ስም፣ አላህ ይዘንለትና፣ በመንግሥት ወረቀት ላይ ከኔ ስም ጋር ሲሰፍር ይህ የመጀመሪያው ነው። ፓስፖርቱን ደግሞ መዳም ቆልፋበታለች። አለቀስኩ ብልሽ አትሳቂብኝ።

የቀረው ሥራ ያንቺ ነው። መኪና መግዛት ብቻውን ምንም አይደለም አሉ፤ ሕዝብ ለመጫን የንግድ ትራንስፖርት ፈቃድ ማውጣት የግድ ነው። ቆንስላ ሄጄ ውክልና ሰጥቼሻለሁ፤ ወረቀቱ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። አራት ጉርድ ፎቶም አለ። ለሱ ብዬ ነው ኩል የተኳልኩት፤ ፈቃዱ ላይ ሲለጥፉት እንዳያጣምሙብኝ ቆመሽ እዪ። ሲወጣ በፍሬም አድርገሽ አጎቴ በሚያስቀሩበት ክፍል ግድግዳ ላይ ስቀይልኝ።

ሹፌሩ ኸይሩ ይሁን። ለምን ኸይሩ እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ አልጽፈውም።

ሰባት ዓመት ሙሉ በሰው ቤት «አንቺ ልጅ» ተብዬ ስጠራ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን መካነ ሰላም መናኸሪያ ላይ «ባለመኪናዋ ኑርጃን» ሲሉኝ ልስማ እንጂ ሌላ ምንም አያምረኝም። ላንቺ ምን ልላክልሽ? ሽቶ ነው ወይስ ሻርፕ?

እህትሽ ኑርጃን


መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

ባሕር ተሻግራ ላለችው እህቴ ለኑርጃን ሀቢቡላህ

የአላህ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። እንኳን ለኢድ በሰላም አደረሰሽ። አባባ ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ትንሽ ይዟቸዋል እንጂ ማስቀራቱን አላቋረጡም። ዱአቸው ካንቺ አይለይም።

ስለ ፈቃዱ ልንገርሽ። ውክልናሽ አዲስ አበባ ሄዶ ማኅተም እስኪመታበት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ ደሴ ትራንስፖርት ቢሮ ወረድኩ። የመጀመሪያው ቀን «የመድን ወረቀቷ የታለ?» ተባልኩና ተመለስኩ። ሁለተኛው ቀን «ምርመራ አልፋለች?» አሉኝ። ፍሬኗን፣ መብራቷን፣ ጎማዋን አንድ በአንድ ሲያዩ አጠገባቸው ቆሜ እያንዳንዱን ጠየቅኩ፤ መርማሪው «አንቺ ልትነጂያት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቦሎ ከተለጠፈላት በኋላ ደግሞ «የየትኛው የባለንብረቶች ማኅበር አባል ናት?» መጣ። ያለ ማኅበር ፈቃድ የለም አሉ። ረመዳንን በአቀስታ ብርድ ስመላለስ ነው የጨረስኩት።

የማኅበሩ ስብሰባ ላይ አሥራ አንድ ወንዶች ነበሩ። አንደኛው «ባለንብረቷ ሴት፣ ወኪሏ ሴት፤ ተሳፋሪውም ሴት ብቻ ሊሆን ነው?» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሊቀመንበሩ አቶ ብዙነህ ብቻ አልሳቁም፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው ፈረሙ።

እና እሰይ በይ፣ ፈቃዱ ወጣ! መስመሯ ከመካነ ሰላም አቀስታ ነው። ኸይሩ ሥራ ጀምሯል። አባባ ወዳጃ አድርገው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ለመኪናዋ ዱአ ተደረገላት፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን ብሏል። የፈቃዱን ፎቶ ኮፒ ልኬልሻለሁ። ማሽኑ አርጅቶ ጥግ ጥጉን አጥቁሮታል፤ ታገሺው።

ሻርፑ አረንጓዴ ይሁንልኝ።

ሀይፋ


ጅዳ፣ ጥር 28 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለሀይፋ

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለአጎቴም ጉልበት አላህ ሽፋውን ያውርድላቸው። ልፋትሽን አላህ ይቁጠርልሽ። እኔ ይህን ሁሉ ደጅ መጥናትሽን አልረሳውም።

አሁን ወደ ነገሬ። ፎቶ ኮፒውን ኩሽና ውስጥ ሰቀልኩት። ስሜ ጥርት ብሎ ይነበባል። ፎቶው ግን ድፍን ጥቁር ነው። መብራት ላይ አንስቼ አየሁት፤ ገልብጬ አየሁት። ኩል የተኳለ ዓይን የለበትም። በጭላንጭል የሚታየው የሻርፕ አስተሳሰርም የኔ አይመስልም። ሀይፋ፣ ማን ነው እዚያ ጥቁር ውስጥ ያለው?

ሌላም አለ። የወይዘሮ ቦጋለች ልጅ ብርሀንነሽ እዚህ ገብታለች። ፓስፖርቷ ላይ «ሰልሰቢል» ተብላለች፤ ለመዳሟ ሰልሰቢል ናት፣ ለኔ ያችው ብርሀንነሽ ናት። ያገር ወሬ ልጠግብ ብዬ ቁጭ አድርጌ ጠየቅኳት። «ባለመኪናዋ ሀይፋ የማታውቀው ሰው የለም» አለችኝ። እንዲያው በቅን ልቧ ነው ያለችው፣ የማን መኪና እንደሆነች አታውቅም! «ሁልጊዜ ጋቢና ናት፣ ከኸይሩ ጎን» አለችኝ። ጎህ ሲቀድ ሁለታችሁ ብቻችሁን በመኪናዋ ወደ ሜዳው ስትሄዱም አይታለች።

ሳቅኩላት። ውስጤ ግን እርር ድብን አለ፤ ወላሂ ልደብቅሽ አልችልም። በኔ ላብ የተገዛች መኪና፣ በኔ ቦታ፣ በኔ መጠሪያ! እኔ ደግሞ እዚህ የሰው ምንጣፍ ላይ ተደፍቻለሁ።

ሻርፑን ገዝቼዋለሁ። አልላክሁትም። መጀመሪያ መልሺልኝ።

ኑርጃን


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኑርጃን

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልሽ። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ፎቶው የኔ ነው። ያንቺን አራቱንም አቅርቤ ነበር። ሠራተኛው «ባለንብረቷ አገር ውስጥ ከሌለች በሥራ አስኪያጅነት የምትሠራው ሰው ፎቶ ነው የሚለጠፈው» አለ፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ወጥቼ ፎቶ ተነሳሁና ተመልሼ ሰጠሁት። ያን ዕለት ልጽፍልሽ ይገባኝ ነበር። ፎቶ ኮፒው ሲጠቁርልኝ ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልዋሽሽም። ፈቃዱን ግን ባልሽው ቦታ አልሰቀልኩትም። የኔን ፊት በስምሽ ላይ ለማየት እኔም ዓይኔ አልደፈረም።

«ባለመኪናዋ» ሲሉኝ መጀመሪያ ላይ አርማቸው ነበር። ስንቱን አርማለሁ? በኋላ ዝም አልኩ። ጣፈጠኝ መሰለኝ።

አንቺ ግን በኔ ላይ ለመቅናት አፍ አለሽ? ቪዛው አንድ ብቻ ሲመጣ ትዝ አይልሽም? እኔ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። አባባ «ሀይፋ አትሆንም፤ ኑርጃን ትሂድ፣ እሷ ትበረታለች» አሉ። አንቺ አውሮፕላን ስትወጪ እኔ የደረሶች ቁራሽ ሳዘጋጅ ቀረሁ። ያንቺ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ኑርጃን፣ ኑርጃን ይላል። ሰባት ዓመት ሙሉ ያን ሰምቻለሁ። አንድ ዓመት ያልሞላ «ባለመኪናዋ ሀይፋ» ይህን ያህል ያንገበግብሻል?

ስለ ኸይሩ የምትፈሪው ነገር የለም። ከዚህ በላይ አሁን አልጽፍም።

ሻርፑ ይቅርብኝ። በምትኩ ቁጥር ሠላሳ ሰባት፣ የተዘጋ፣ ሶሉ ጠፍጣፋና ስስ የሆነ ጫማ ላኪልኝ። ተረከዝ እንዳይኖረው።

ሀይፋ


ጅዳ፣ ሰኔ 17 ቀን 1994 ዓ.ም.

ሀይፋ፣

ጫማ! እኔ ስለ ኸይሩ እጠይቃታለሁ፣ እሷ ጫማ ታዘኛለች። ተረከዝ የሌለው፣ ምክንያቱም ኸይሩ አጭር ነው፤ ሠርጉ ላይ እንዳትበልጪው ነው አይደል? የሙሽራ ጫማ እኔው ገዝቼ ልላክልሽ! ጉድ እኮ ነው። ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ሆነሻል አንቺ ልጅ?

«ኑርጃን ትበረታለች» አሉ አልሽኝ። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። አጎቴ የራሳቸውን ልጅ ሳሱላትና የሟች ወንድማቸውን ልጅ ሸኙ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አሳድገውኛል፣ አብልተውኛል፤ ግን ያን ቀን የትኛዋ ልጃቸው እንደሆነች ገባኝ። አንቺ ተከልክለሽ አለቀስሽ። እኔ ደግሞ ሳልከለከል ቀረሁ ብዬ ነው ያለቀስኩት። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አሁን ስሚኝ። ውክልናውን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፤ ማንሳትም እችላለሁ። ቆንስላው ከዚህ ሁለት አውቶቡስ ነው። ካንቺና ከኸይሩ መሐል ያለውን ሳትሸራርፊ እስከ መስከረም ጻፊልኝ። ካልሆነ ፈቃዱም ይቀራል፣ መኪናዋም ትቆማለች።

ለአጎቴ ጉልበት ቅባት ወደ አገር በሚገባ የብርሀንነሽ ዘመድ እጅ ልኬያለሁ። ላንቺ ምንም አልላክሁም።

ኑርጃን


መካነ ሰላም፣ ነሐሴ 25 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኑርጃን፣ አላህ ልብሽን ያረጋጋልሽ

ኸይሩ የወግዲ ልጅ አግብቷል። ኒካሑ ከግንቦት በፊት ነው የታሰረው፤ ባለፈው ልጽፍልሽ ብል እጄ እምቢ አለኝ። አብሽሪ። ሙሽራዋ እኔ አይደለሁም። አግብቶ ደግሞ አልቀረም፤ ከባድ መኪና አግኝቶ ወደ ኮምቦልቻ ሄደ።

ጎህ ሲቀድ ሜዳ የምንሄደው መንዳት ሊያስተምረኝ ነበር።

በማኅበሩ ደንብ ሹፌር ሳይመደብላት ሠላሳ ቀን የቆመች መኪና ከመስመር ትወጣለች። ኸይሩ እንደማይቆይ ከመጀመሪያው ነግሮኝ ነበር። ሌላ ሹፌር ፈለግሁ፤ አንዱ ይጠጣል፣ አንዱ «ለሴት አልሠራም» አለ። እና እኔ ተማርኩ። ደሴ ተፈትኜ ሦስተኛ ደረጃ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ከተፈታኞቹ ሁሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጫማውን የፈለግሁት ማርሽ ስቀይር የምረግጠውን ፍሪሲዮን በእግሬ ለመለካት ነው፤ በፕላስቲክ ጫማ ይንሸራተትብኛል። ምን የሙሽራ ጫማ አመጣሽብኝ!

አባባን ፈርቼ ነበር የደበቅኩሽ። ለሳቸው ሳልነግር ላንቺ ብጽፍ፣ መልስሽ እጃቸው ቢገባ ያውቁብኛል ብዬ። በመጨረሻ ነገርኳቸው። ከዚያ ተነስተው ጋቢና ገቡ፣ ሙስበሃቸውን አወጡና «ንጂ» አሉኝ። አቀስታ እስክንደርስ ዶቃውን ሲቆጥሩ ነበር። ስንወርድ «በቅሎ ላይ ስትቀመጪ ያልከለከልኩሽን ልጅ አሁን ምን ብዬ ልከልክል?» አሉ።

ኑርጃን፣ መናገሬ ነውር ቢሆንም ልንገርሽ። ጭጋጉ መንገዱን ሲውጠው፣ ዳገቱ ላይ ማርሹን ቀንሼ ሞተሯ ስታቃስት፣ ከኋላዬ አሥራ ሁለት ሰው ነፍሱን ሰጥቶኝ ሲተኛ፣ ፍርሃትም ደስታም አንድ ላይ ይይዘኛል። ከዳገቱ ወጥቼ ሜዳው ሲገለጥልኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ሰዎቹ መጀመሪያ ላይ አይሳፈሩም ነበር። አሁን አሮጊቶቹ «የሀይፋ ተራ እስኪደርስ እንጠብቃለን» ይላሉ፤ ቀስ ብዬ ስለምነዳ።

ይኸው ሁሉን ነገርኩሽ። አሁን ውክልናውን አታንሺብኝ። እባክሽ።

ሀይፋ


ጅዳ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1995 ዓ.ም.

ሀይፋ፣

ደብዳቤሽን መታጠቢያ ቤት ቆልፌ አነበብኩት። ስለ ኸይሩ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣኝም፤ ራሴን ገረመኝ። ከዚያ ስለ ዳገቱ የጻፍሽው ላይ ደረስኩ።

ኸይሩን ብትወስጂብኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቴን ነው።

እዚህ አገር ሴት የመኪና መሪ አትነካም። ስምንት ዓመት ሙሉ መጋረጃ ከተጋረደበት ከኋላ ወንበር፣ ልጆቹን ታቅፌ፣ የሹፌሩን ማጅራት እያየሁ ነው የሄድኩት። አንድ ቀን መኪናቸውን ሳጥብ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በር ተዘግቶ፣ መሪውን ብቻ በሁለት እጄ ያዝኩት። መዳም ከመስኮት አየችኝና «ውረጂ፣ ወንበሩን ታረጥቢዋለሽ» አለችኝ። ሚኒባስ ልግዛ ያልኩት ያን ቀን ነው። ሰው ሱቅ ይገዛል፣ ቤት ይሠራል፤ እኔ ለምን መኪና እንዳልኩ አንቺም አልጠየቅሽኝ፣ አጎቴም አልጠየቁኝ። ተመልሼ ራሴ ልነዳት ነበር። አፍሬ አልጻፍኩትም፤ ትስቂብኛለሽ ብዬ።

አንቺ ግን ሳታልሚው፣ ሳትለፊበት፣ አገርሽ ቁጭ ብለሽ አገኘሽው። ጭጋጉ ውስጥ ብቻዬን እስቃለሁ ትያለሽ! ስሙን ውሰጂ፣ ፊቱን ውሰጂ፣ ይህን ግን አልችለውም። ጥፋት የለብሽም፤ አውቃለሁ። ቢኖርብሽ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ትናንት ቆንስላ ሄጄ የውክልና ማንሻውን ፈርሜያለሁ። ወረቀቱ ከዚህ ጋር ነው።

ኑርጃን


መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለኑርጃን ሀቢቡላህ

አላህ ሰላምሽን ያብዛልሽ። አባባ ደህና ናቸው፤ ቅባቱ ጉልበታቸውን አቅንቶላቸዋል።

ወረቀትሽን ይዤ ደሴ ሄድኩ። «ወኪል ከሌላት ባለንብረቷ ራሷ ትቅረብ፣ አለዚያ ፈቃዱን መልሺ» አሉኝ። መለስኩ። ሠራተኛው ፎቶዬን በምላጭ ፈቅፍቆ አወጣልኝ፤ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ቀረ። አቶ ብዙነህ መስመሯን ለሌላ ሰው ሳይሰጡ እስከ የካቲት መጨረሻ ሊያቆዩልሽ ቃል ገብተዋል። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ አይሰማኝም ብለዋል።

መኪናዋ ግቢያችን ቆማለች። አጥቤ ሸራ አልብሻታለሁ። ቁልፉ አባባ ዘንድ ነው።

እኔ የአቶ አራጌን ሚኒባስ ለመንዳት ተቀጥሬያለሁ፤ ወግዲ መስመር። መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለው ስምም ፊትም የኔ ነውና ማንም ከሩቅ ሆኖ አያነሳውም። ይህን የምጽፈው ልወጋሽ ነው፤ ስለ ወጋሽኝ።

መሪ ይዘሽ መቀመጥሽን ባውቅ ኖሮ ስለ ዳገቱ አልጽፍልሽም ነበር። አልስቅብሽምም ነበር። እኔም እኮ በረኪና የሸተተ ደብዳቤሽን እያሸተትኩ ባሕር ማዶን ስመኝ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ባትሪዋ እንዳይሞት ጁምዓ ጁምዓ አስነሳታለሁ። ከግቢ አላወጣትም።

ሀይፋ


ጅዳ፣ የካቲት 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀይፋ

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለአጎቴ።

አዲስ ውክልና ፈርሜ ልኬልሻለሁ፤ የካቲት ሳያልቅ እንዲደርስ ብዬ በአውሮፕላን ለምትመጣ ሰው ነው የሰጠሁት። ለአቶ አራጌ ሌላ ሹፌር ፈልጊላቸው። ፎቶሽን አዲስ ተነሺና አስለጥፊ። ፈቃዱንም ባልኩሽ ቦታ ስቀይው፤ አጎቴ ሁለታችንንም አንድ ላይ ይዩን።

አልታረቅኩሽም። እቀናብሻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜ ሸራ ለብሶ ከሚቆም ግን ካንቺ ፊት ጋር አቀስታ ይግባ።

ብቻ አንድ ነገር ለምኜሻለሁ። የጫንሽውን ሰው ጻፊልኝ፣ የተሰበረውን ዕቃ ጻፊልኝ፣ ዝናቡን፣ ጭቃውን፣ የተጣላሽውን ሰው ሁሉ ጻፊልኝ። ከዳገቱ ስትወጪ ደስ እንደሚልሽ ግን አትጻፊልኝ።

ኑርጃን